የሜላት ተራ

እፀገነት መንታዎቿን ሰሌን ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ታጫውታቸው ነበር። ፊቷን በነጠላ ትሸፍንና «እማዬ የት ሄደች?» ትላለች። ፀጋው ጨዋ ነው፤ ራሷ ገልጣ «አለሁ!» እስክትለው ይጠብቃል። እህቱ ሜላት ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረላትም፤ ነጠላውን በትንሽ እጇ ጨምድዳ ታወርደዋለች። አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለእሷ ነበር ጨዋታው።

በቆሎው ለእሸት ሲደርስ ሜላትን ትኩሳት ያዛት። ቡሬ ሐኪም ዘንድ ቢያደርሷትም አልተረፈች።

ፀጋው ግን ተራ መጠበቁን አልተወም። የራሱን ተራ ስቆ ሲጨርስ ወደ ግራው፣ ወደ ባዶው ሰሌን ዞሮ ዝም ይላል። እናቱ ያንን ተራ ከዘለለችበት አልቅሶ አያባራም። እሷም ለባዶው ቦታ መጫወት ጀመረች።

አማቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ አንድ ቀን ከሰዓት ይህን አዩ።

«ተይ ልጄ፣ ሆድሽን አታባቢው።»

«ምን ላድርግ እማማ? እሱ እኮ ይጠብቃታል።»

«ሕፃን አይደል፣ ይረሳል» አሉና ፀጋውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት እጆቹን ያዙ።

እፀገነት ለልጇ ተጫወተችለት፤ ሳቀ። ከዚያ ወደ ግራው ዞሮ ዝም አለ። እሷም ወደዚያው ዞራ ፊቷን ሸፈነች።

«እማዬ የት ሄደች?»

ነጠላው ከታች በኩል ተጨመደደ፤ ቁልቁልም ተሳበ። ፀጋው ከት ብሎ ሳቀ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ «በስመ አብ!» አሉ።

«አለሁ፣ ልጄ» አለች እፀገነት። ዓይኗን ግን አልገለጠችም።