ያለ ሰም የታሸገው ጠርሙስ

ላቪኒያ የኮክ ፍሬና ጭማቂ የሞላውን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ብድግ አድርጋ በአማቷ ነጭ የገበታ ጨርቅ ላይ ዘቀዘቀችው። በኦሃዮ መንደሮች ለብርድ ወራት የሚቀመጥ ፍሬ ክዳኑ የሚታሸገው በሰም ነበር፤ ብርድ ሲመጣ ሰሙ እየተሰነጠቀ የበጋውን ልፋት ሁሉ ያሻግተዋል። የእሷን ክዳን ግን ሰም አልነካውም።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ! እናቴ ይቺን ጨርቅ ከእኔ አስበልጣ ነው የምትወዳት» አለ ባሏ ኤዝራ።

«ዝም ብለህ እይ!»

ጠርሙሱን እንደዘቀዘቀች ያዘችው። ኤዝራ እስከ መቶ ቆጥሮ ጨርቁን ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ከክዳኑ ሥር የተወሸቀችውን ጥቁር የጎማ ቀለበት በጥፍሩ ነካ አደረጋት።

«ጉድ እኮ ነው! ይቺን ጎማ ከየት አመጣሻት?»

«ከቀኝ የዝናብ ቦቲህ ቆርጬ።»

ኤዝራ ደጅ የሚወርደውን ዝናብ አየ።

«ግራውንም አምጣው» አለችው። «ገና አርባ ጠርሙስ ይቀረኛል።»