ዝርዝሩ ላይ ያለችው ረሂማ

ትልቋ ረሂማ ያን ቀን ታውቅ ነበር? እስከ አሁን መልሱን አላገኘሁም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ውርጌሳ ላይ ረሂማ ረዲ የምንባል ሁለት ነበርን፤ እኔና በዕድሜ የምትበልጠኝ ጎረቤቴ፣ ትልቋ ረሂማ። እሷ ባሏ ሞቶባታል፤ ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። እኔ የአምስት ወር ሕፃን ታቅፌአለሁ። ባሌ አብዱልጀሊል የቀን ሥራ ፍለጋ ወልድያ ከወጣ ወር አልፎታል። ጡቴ ደርቋል፤ ሕፃኑም ማልቀሱን እየተወ ነው።

ባለፈው ወር ስማቸው የተጠራ ሰዎች ከመርሳ ስንዴ ተሸክመው ተመልሰዋል። ስለዚህ ሌላ ዝርዝር መጣ ሲባል ሁላችንም የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተኮለኮልን።

ጸሐፊው አቶ ካሳዬ አነበበ። «ረሂማ ረዲ። ባል አብዱልጀሊል። ልጅ ሁለት።»

«አቤት!» አልን ሁለታችንም። ሰው ሳቀ።

«ባሉ የዚች፣ ልጆቹ የዚያች» አለ በእስክርቢቶው እያመለከተ። «የጻፈው ሰው አደባልቆታል።»

«ታዲያ አትመልሰውም?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«ወልድያ? ተሳስታችኋል ብዬ? እኔኑ ይጽፉኛል እንጂ! ስም ከመጣ ሰው ይገኝለታል። ባሉም ልጆቹም የገጠሙላት ሴት እሷ ናት የተጠራችው።»

ወደ ፊት ወጣሁ። «የኔም ሁለት ነበሩ፣ አቶ ካሳዬ። አንዱን በረመዳን ቀብሬዋለሁ። መዝገባችሁ አልሰማ ይሆናል።»

አሁን የሳቀ የለም።

«እንግዲያው አንቺ ነሽ» ብሎ ምልክት አደረገ። «ነገ ጠዋት መርሳ። ሕፃኑንም ይዘሽ።»

ትልቋ ረሂማ ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ቀድማኝ መርሳ ልትደርስ አስባለች አልኩ በልቤ።

እንዳልኩትም ጠዋት መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት። የነጠላዬን ጫፍ ያዘች።

«ተመለሽ እህቴ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተመለሽ።»

«ስንዴዬን ልትበዪ? ያንቺ ሁለቱ ይደጉ፣ የኔ አንዱ ይሙት?»

«እሱን አይደለም...» ብላ ከኋላዬ አየች። የማኅበሩ ታጣቂ አዳነ ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል። ነጠላዬን ለቀቀችው። እኔም ሳትደርስብኝ ብዬ ሕፃኑን እንዳዘልኩ እየሮጥኩ ሄድኩ።

መርሳ ስሜ ተጠራ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ከጠሪዎቹ አንዱ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ «ትሠራለች» አለ። ጆንያዬን ዘረጋሁ።

«እሱ ይቅር» አለኝ። «መኪናው ላይ ውጪ።»

ለአብዱልጀሊል ደብዳቤ ልጽፍ እርሳስ ይዣለሁ። ፊደልም ቆጥሬአለሁ። እስቲ ምከሩኝ፤ ሦስት ቀን ተጭነን የተራገፍንበት የሰፈራ ጣቢያ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም፣ ተመልሶ ባዶ ቤት ሲያገኝ የት ፈልገኝ ልበለው?