ፍሪሲዮኑ ላይ ያለው እንጨት

መካኒኩ የሁለተኛዋን መኪና በር ከፍቶ ባትሪውን ወደ ፔዳሎቹ ሲያበራ፣ ጎንበስ ብላ የምታየው ሴትዮ ቀና ማለት አቃታት። እስከዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነበር። የሟች ባሏን ባለሁለት በር የቅንጦት መኪና ልትሸጥ መጥታ፣ ጋራዡ ውስጥ መንታዋ ቆማ ስታገኝ ስቃለች። መካኒኩም ልዩነታቸውን ሲቆጥርላት ቆይቷል፤ የእሷ የፊት መብራት ክብ ነው፣ የዚያችኛዋ ሞላላ፤ የእሷ መሪ ቀጭን ነው፣ የዚያችኛዋ ወፈር ይላል።

"ይቺ ግን በሁለቱም አንድ ናት። የፋብሪካ ሥራ መሆን አለባት" አለ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ በሁለት ብሎን የተያያዘችውን የእንጨት ቁራጭ እየነካ።

ፋብሪካው ባሏ ነበር። ግራ እግሩ በአውራ ጣት ያህል ስለሚያጥር፣ በሠርጋቸው ሰሞን በገዛ እጁ ጠርቦ ገጠማት፤ እንዳታዳልጠውም በቢላ ሦስት መስመር ጫረባት። እዚህችም ላይ ሦስት መስመር አለ። ሴትዮዋ ክው አለች።

"የማን ናት?"

"የአንዲት ሴትዮ። እሳቸውም እንደ እርስዎ ባለቤታቸው አርፈውባቸው ነው። ምነው፣ ያውቋቸዋል እንዴ?"

"ኧረ የለም።" ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር የኖረችው እሷ ናት፤ ያቺ ብትሆን ቅምጥ ናት። የቀራት ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር። "እስቲ ልጄ፣ ከሁለቱ እንጨቶች የቱ ይቀድማል?"

መካኒኩ ሁለቱንም በየተራ ዳበሰ። የዚያችኛዋ እንደ ሳሙና ሟሙታለች።

"አይስጉ እትዬ" አለ፣ ደስ ሊያሰኛት ብሎ። "ያኛው በትንሹ ዐሥር ዓመት ይቀድማል። አዲሱ የእርስዎ ነው።"