ባዶ የቀረው መስመር

«እነዚህ ‹ሰዎች› የሚባሉት ስም የላቸውም እንዴ?» አሉ የሟቹ እናት፣ እትዬ ሸዋርካብሽ። ጸሐፊዋ እርሳሷን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። የዕርቅ ሽማግሌዎቹ መቱ ከተማ፣ እትዬ ሸዋርካብሽ ግቢ ውስጥ ስለ ሟቹ ደም ሲቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጸሐፊዋን ለዚህ ሥራ የመረጧት መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሷ ስለሆነ ነው፤ ቀስ ብላ ስለምትጽፍ ቃል አታዛባም ብለው።

አብዮት ጥበቃ የነበረው ዱጋ ግን ሟቹን ወደ ሶር ወንዝ እንደወሰዱት ይናገርና «ከሰዎች ጋር» ሲል ያቆማል።

«ደግሞ ጀመረ! ዱጋ፣ እውነቱን ተናገር እንጂ!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እነሱን እግዜር ያውቃቸዋል፣ ጋሼ።»

«እግዜርማ ያውቃል! የጠፋን እኛን ነው!»

በእጃቸው የያዙት የዕርቅ ሣር ጠውልጓል፤ እውነቱ ተነግሮ ሳያልቅ ለማንም አይሰጥም። በመጨረሻ ታከታቸው። «በቃ፣ ‹ሰዎች› ብለሽ ጻፊና እንገላገል» አሏት።

ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ሰዎች፣ ሰዎች!» አለች ድንገት። ሟቹ ወደ ወንዙ የተወሰደ ዕለት፣ ደም ነክቶት ወደ ቤቷ የመጣውን ካፖርት ያጠበችው እሷ ነበረች። ባዶው መስመር ላይ በትልልቁ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበች፦ «ፈንታሁን። የኔ ልጅ።»

የግቢው በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረው ልጇ ስሙን ሲሰማ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ሄደ። እትዬ ሸዋርካብሽ ግን አግዳሚው ላይ፣ ከጸሐፊዋ አጠገብ ቀሩ።