የጭራቋ መልክ

የምረቃው ዝግጅት የተበላሸው ደራሲዋ ገና በር ላይ እንደታየች ነው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አዲሱን የተረት መጽሐፏን ሲያገላብጡ የነበሩት ሕፃናት መንጫጫት ጀመሩ፤ አንዷማ "ጭራቋ መጣች" ብላ እናቷ ጉያ ተወሸቀች።

ለሥዕል ግድ የሌላት ደራሲዋ መጽሐፉን ገና ያን ጊዜ ገለጠችው። ጭራቋ የእሷን መነጽር አድርጋ፣ የእሷን ኪንታሮት አገጯ ላይ አብቅላ፣ ወፍራም የእንጨት ማስመሪያ ይዛ ቆማለች።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አለቻት የመጽሐፉን ሥዕሎች የሳለችውን ሠዓሊ። "ከዛሬ በፊት ተያይተን እንኳ አናውቅም።"

"አሳታሚው ጽሑፉን ሲሰጠኝ ስምዎን አልነገረኝም" አለች ሠዓሊዋ። "ጭራቅ ሳዪ ሲለኝ የማውቃትን ሳልኩ። ሦስተኛ ክፍል አስተምረውኛል፣ ቲቸር።"

ሠዓሊዋ ያኔ ተቆልምመው በቀሩት ሁለት ጣቶቿ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።