የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ

ሰባተኛዋ ወረቀት ስትደርሳት ልጅቷ ጽጌረዳውን ከሎሚው መለየት አቅቷታል። ሻጯ ቀጭን ወረቀት ላይ ሽቶ ትረጭና አራግባ ለልጅቷ አባት ትሰጣለች፤ እሱ አሽትቶ ለልጁ ያቀብላል።

የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት ናፍጣ ሲስብ የኖረ አፍንጫ ስለ ሽቶ ምን ያውቃል? ይሄን ራሱም አልካደም፤ ለዚህ ነው ልጁን ጎትቶ ያመጣት። እሑድ ልብስ ሰፊዋን ያገባል፤ ሴትየዋ ደግሞ ሽቶ ነፍሷ ነው። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ታውቂያለሽ» አላት ጠዋት ጢሙን እየተላጨ። ደስ ባይላትም እሺ አለች። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰውየው ሸሚዝ ሲተኩስ እጅጌ ሲያቃጥል ማየትም ሰልችቷታል።

ስምንተኛዋ ወረቀት መጣች። አባቷ እንደ ሌሎቹ ወዲያው አላቀበላትም። ዓይኑን ጨፈነ።

ወረቀቷ እጇ ሳትገባ ሽታው ቀድሞ ደረሳት። የእናቷ ነው።

አባቷ በተጋቡ ሰሞን ሚስቱን «ሽቶ የሚቀቡ ሴቶች ራሴን ያሳምሙኛል፤ ያንቺ ጠረን ግን ልዩ ነው» ብሏት ነበር። ያኔ ግን እሷም ሽቶ ተቀብታ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈረች፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ደግሞ ጭራሽ የማይነገር ሆነ። ስለዚህ ሽቶውን አሮጌ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጠች ከፎጣዎቹ ሥር ትደብቀው ነበር። አንድ ቀን ልጇ ደረሰችባት። «ትንፍሽ ትዪና!» ብላ እየሳቀች ለሷም አንገቷ ላይ ነካ አደረገችላት። አባትየው ማታ ከሥራ ገብቶ የሚስቱን አንገት እያሸተተ «ይሄ እኮ ተፈጥሮ ነው» ሲል፣ እናትና ልጅ ሳቃቸውን አፍነው ወደ ጓዳ ይሮጡ ነበር።

«ይሄ ይሻላል» አለ አባቷ።

«ኧረ አባዬ፣ የበረሮ መድኃኒት ነው የሚመስለው።»

ሻጯ ገላመጠቻት። ልጅቷ ግድ አልሰጣትም፤ ጽጌረዳውን አንስታ አሸተተችው፣ ሎሚውን አሸተተችው። ልብስ ሰፊዋ ጣፈጥ ያለ ነገር እንደምትወድ፣ የቫኒላው ለቆዳዋ እንደሚስማማ አስረዳችው። ለዚያች ሴት እንዲህ ተጨንቃላት አታውቅም። አባቷ ሁሉንም አሽትቶ ወደ ስምንተኛዋ ተመለሰ።

«ግን የት ነው የማውቀው?» አለ ቀስ ብሎ። ሻጯን አልነበረም የጠየቀው።

ብትነግረው፣ ያን ሁሉ ዘመን የሚስቴ ነው እያለ የወደደው ጠረን ከመደርደሪያ የተገዛ መሆኑን ሊያውቅ ነው፤ እናቷም መቃብር ውስጥ ሆና ልትጋለጥ ነው። ባትነግረው፣ ያው ጠረን እሑድ በሌላ ሴት አንገት ላይ ሆኖ በራቸውን ከፍቶ ሊገባ ነው።

አፏን ከፈተች።

«እኔ እንጃ» አለች።

ሻጯ የስምንተኛውን ሽቶ ካርቶን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ ሪባኑን በመቀስ ስባ አሳመረችው፤ ሙሽሪት እንደምትደሰትም ነገረቻቸው። አባቷ ወደ ካርቶኑ ዞር ብሎም አላየ። ስምንተኛዋን ወረቀት ሁለት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ከተታት፤ ከዚያ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።