ጠቋሚው ወታደር

ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ከሰዓት ከሚስቱ ወንድም ጋር የጦርነት ጨዋታ ካልተጫወተ ሳምንቱ አያልቅለትም። ጠረጴዛው ላይ የካርቶን ኮረብታና ቤቶች፣ አውራ ጣት የሚያክሉ የቆርቆሮ ወታደሮችም አሉ። በደንባቸው መድፍ የሚተኩሰው ኮረብታው ላይ ያለው ጠቋሚ ዒላማውን ካየ ብቻ ነው። ማየቱን በልብስ ሰፊው ክር ይለካሉ፤ የተወጠረው ክር ቤት ወይም ዛፍ ከነካ አላየም። ካየ ግን የመጀመሪያው ተኩስ ያልፋል፣ ሁለተኛው ያጥራል፣ ሦስተኛው አይስትም።

«ጋሼ፣ ጠቋሚውን ምን አዞረው?»

በሁለት እጁ መነጽር የያዘው ወታደር ጀርባውን ለጦር ሜዳው ሰጥቶ ልብስ ሰፊውን ያያል።

«ክርኔ ገፍቶት ይሆናላ!» ብሎ ልብስ ሰፊው ወታደሩን ወደ ጦር ሜዳው መለሰው።

ወዲያው ከኋላው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰርግ ፎቶ መስታወት እንክትክት አለ።

«ምስማሩ አርጅቶ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፤ ፎቶው ግን ከምስማሩ አልወረደም። ዞር ሲል ወታደሩ እንደገና እሱን ያያል። ከፊቱ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የሚስቱ ወንድም ክው አለ። «ጋሼ... አንዱ አለፈ፣ አንዱ አጠረ።»

ልብስ ሰፊው ክሩን ከወታደሩ ዓይን እስከ ገዛ ደረቱ ወጠረው። ክሩ ምንም አልነካም።

«ቤት አቁም! መሃል ላይ ቤት አቁምልኝ፣ ወንድሜ!»

የሚስቱ ወንድም እጁ ከካርቶን ቤቱ ሳይደርስ፣ የቆርቆሮው ወታደር አንድ እጁን ከመነጽሩ አላቅቆ ለተኩስ ምልክት ወደ ላይ አነሳ።